የእንጨት ስሊፐሩን የጨረሰው መበስበስ ነው ወይስ ጭነት? ስለ ፕላስቲክ ስሊፐር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የአንድ ፋብሪካን የጭነት ባቡር መስመር አስተዳድራለሁ። ባቡሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የአንድ አክስል (ሁለት መንኮራኩሮችን የሚያያይዝ ዘንግ) ጭነት ግን እስከ 22 ቶን ይደርሳል። ስሊፐሮቹ (ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚደረደሩት ተሸካሚዎች) በክሪዮሶት፣ ማለትም እንጨትን ከመበስበስ በሚከላከል ፈሳሽ፣ የተነከሩ እንጨቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም አርጅተዋል። በመስመሩ ላይ የመኪና ማቋረጫ፣ አጭር የብረት ድልድይና ሁለት ጠባብ ኩርባዎች አሉ። አንድ አቅራቢ ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ ስሊፐር አምጥቶ ‹በእንጨቱ ቦታ ልክ ይገባል፣ 50 ዓመት ያገለግላል፣ ጥገና አይፈልግም› ይለኛል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልቀይር?»

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይቀይሩ። ከመኪና ማቋረጫው ይጀምሩ፤ ለድልድዩ ጠንከር ያለ ሌላ ዓይነት ይጠይቁ፤ ኩርባዎቹን ደግሞ አቅራቢው በቁጥር እስኪያሳምንዎ ድረስ ይተዉአቸው። ይህን የምለው ፕላስቲኩን ስለምጠላ አይደለም። ቦታውን ካገኘ እንጨት የማይሰጠውን አገልግሎት ይሰጣል። የሚያሳዝነኝ ያለቦታው ገብቶ ሲሰነጠቅና «ፕላስቲክ አይሆንም» ተብሎ በሩ ለዓመታት ሲዘጋበት ነው።

ከግዢው በፊት አንድ ሥራ አለ። ካረጁት ስሊፐሮች ጥቂት ደርዘን ያህሉን ከቀጥታው፣ ከኩርባው፣ ከማቋረጫውና ከድልድዩ መርጠው ይመርምሩና እያንዳንዱን ምን እንዳበላሸው ይመዝግቡ። የእንጨት ስሊፐር የሚያልቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መበስበስ ነው። ክሪዮሶት ወደ እንጨቱ ልብ ጠልቆ አይገባም፤ ውጪውን እንደ ልብስ ይሸፍነዋል እንጂ። ስንጥቅ ሲከፈት ውኃና ፈንገስ በዚያ በኩል ይገባሉ፤ ምስጥ ባለበትም ምስጡ ይከተላል። ላዩ ደህና የሚመስል ስሊፐር በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ጭነት ነው። ከሐዲዱ ሥር ያለው የብረት ሳህን እንጨቱን እየቆረጠ ይሰምጣል፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፣ በኩርባ ላይ መንኮራኩሩ ወደ ውጭ ሲገፋ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት ቀስ በቀስ ይከፈታል። እንዲህ ያለው ስሊፐር ውስጡ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሚስማር መያዝ ስላቃተው ብቻ ይጣላል።

መዝገብዎ መበስበስ የሚያሳይ ከሆነ ፕላስቲክ መልስ አለው። አይበሰብስም፣ ውኃ አይመጥም፣ ምስጥም አይበላውም። መዝገብዎ የሚያሳየው ጭነት ከሆነ ግን ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ ተራ ስሊፐር ችግሩን አይፈታውም፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ልዩነት ዝርዝር ነው።

«ፕላስቲክ ስሊፐር» የሚባለው አንድ ዕቃ አይደለም፤ አቅራቢዎችም አንዱን እየሸጡ የሌላውን ታሪክ ይጠቅሳሉ። ጃፓን ውስጥ ከ1980 ጀምሮ የተሞከረውና ከ1985 ወዲህ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ኤፍኤፍዩ የሚባለው ስሊፐር ረጃጅም የመስታወት ክሮች በፖሊዩሬታን አረፋ ተይዘው የሚሠሩበት ነው። የጃፓኑን ፈጣን ባቡር ሺንካንሰንን ጨምሮ በከባድ መስመሮች ላይ ጥሩ ስም አትርፏል፤ ግትርነቱ ከጠንካራ እንጨት ጋር ይቀራረባል፣ እንደ እንጨት ይቆረጣል፣ ይሰረሰራል። የሚሠራው ግን ከተጣለ ጠርሙስ አይደለም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ቤተሰብ ለእርስዎ የቀረበው ይመስለኛል፦ የወተት፣ የሳሙናና የዘይት መያዣ የነበረ ፖሊኢትሊን ቀልጦ፣ ከመስታወት ክር ወይም ከሌላ መሙያ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስስ። ሦስተኛው ይኸው ፕላስቲክ ሆኖ በውስጡ የብረት ዘንጎች የተቀበሩበት ነው፤ በኔዘርላንድስ የሚመረተው ኬኤልፒ በዚህ ይታወቃል። የኮንክሪት እምብርት ኖሮት ከውጭ በጎማና በፕላስቲክ የተሸፈነ ዓይነትም በጣሊያን አለ። አቅራቢዎን መጀመሪያ የሚጠይቁት ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ነው። ቀጥሎም የሚጠቅሰው የረጅም ዓመት ልምድ የዚያው ዓይነት ልምድ መሆኑን ያጣሩ።

ከተጣለ ፕላስቲክ ሸክም የሚችል ነገር መሥራት ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ፖሊኢትሊን ብቻውን ይለመጣል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ብልሃት ፖሊኢትሊንን ግትር ከሆነው ፖሊስታይሪን ጋር ማጣመር ነበር። ሁለቱ በባሕርያቸው አይዋሐዱም። በትክክለኛው መጠንና በትክክለኛው አደባለቅ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ሥር ተጠላልፎ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ግትርነት፣ ሌላው ጥንካሬ ያዋጣል። ኋላም የመስታወት ክር በዚሁ ሐሳብ ገባ። በ2010 በቨርጂኒያ ፎርት ዩስቲስ በተባለው የጦር ሠፈር ሎኮሞቲቭ የሚሸከሙ ሁለት አጫጭር የባቡር ድልድዮች ከተጣለ ፕላስቲክ ተሠርተዋል። ስለዚህ «ፕላስቲክ ባቡር ይሸከማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተመልሷል። ያልተመለሰውና እርስዎን የሚመለከተው የትኛው ፕላስቲክ፣ በምን ሙቀት፣ ለስንት ዓመት የሚለው ነው።

ግትርነትን፣ ማለትም በጭነት ሥር አለመለመጥን፣ እንይ። ደህና የኦክ እንጨት ቃጫውን ተከትሎ ሲለካ የግትርነት ልኩ ወደ 10 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። ከተጣለ ፖሊኢትሊን የሚሠራ ስሊፐር አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 2 ነው። የሰሜን አሜሪካው የባቡር መሐንዲሶች ማኅበር አሬማ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሊፐር የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 1.17 ነው። እንግዲህ ደንቡን ያሟላ ዕቃ ከእንጨቱ አምስትና ስድስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይለመጣል ማለት ነው። አቅራቢው «ደንቡን አሟልቷል» ሲል እውነቱን ነው፤ «እንደ እንጨቱ ነው» ሲል ግን በመጠኑም ሆነ በክብደቱ ተመሳሳይ ነው ማለቱ እንጂ በግትርነቱ አይደለም።

ይህ በመስመሩ ላይ ምን ያመጣል? ስሊፐር ከሐዲዱ የተቀበለውን ጭነት በርዝመቱ ሁሉ ወደ ባላስቱ (ከሥሩ ወዳለው የጠጠር ንጣፍ) ማሰራጨት አለበት። የሚለመጥ ስሊፐር ግን ጫፎቹን ያን ያህል አይጠቀምባቸውም፤ ጭነቱ ከሐዲዱ ሥር ባለው ቦታ ይከማቻል። እዚያ ያለው ጠጠር ቶሎ ይደቃል፣ ቶሎ ይሰምጣል። መሬቱ ጠንካራ፣ ባላስቱ ጥልቅና ንጹሕ ከሆነ ችግሩ አይሰማም። ባላስቱ በጭቃ የተሞላ ከሆነ ግን አዲሱ ስሊፐር የሚቀመጠው አሮጌውን ባበሰበሰው ውኃ ላይ ነው። ፕላስቲኩ አይበሰብስም፤ መስመሩ ግን መስጠሙን ይቀጥላል። ከስሊፐሩ በፊት የውኃ መውረጃውን ያስተካክሉ።

እዚህ ላይ ለፕላስቲኩ ልመስክርለት። የእርስዎ መስመር ያረጀውን እየመረጡ የሚተኩበት ከሆነ ኮንክሪት አይመችዎትም። ኮንክሪት ከእንጨት እጅግ ስለሚገትር በእንጨቶች መካከል አንድ ሲገባ የጎረቤቶቹን ጭነት ወደ ራሱ ይስባል፤ ቁመቱና ክብደቱም ለብቻው ነው። ፕላስቲኩ ግን በአንድ ቁመት፣ በአንድ የብረት ሳህን፣ በአንድ የማሰሪያ ዓይነት በእንጨቶች መካከል ይገባል፣ መስመሩንም አይሰብርም። ለአነስተኛ መስመር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ብቻ በተከታታይ ብዙ ለስላሳ ስሊፐር ከደረደሩ በኋላ ድንገት ጠንካራ እንጨት ወይም የድልድይ መድረክ እንዳይገጥመው መሸጋገሪያውን ያስቡበት።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ በዚህ ርእስ ላይ ሰዎች በጣም የሚዘነጉት እሱን ነው። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ በሙቀት አይረዝምም ማለት ይቻላል፤ ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሜትር ላይ 0.004 ሚሊሜትር ያህል ነው። በመስታወት ክር የተጠናከረ የፖሊኢትሊን ስሊፐር ግን ወደ 0.1 ሚሊሜትር ሊረዝም ይችላል። በሁለቱ ሐዲዶች ማሰሪያ መካከል ያለውን ርቀት 1.5 ሜትር፣ ከቀዝቃዛው ወቅት እስከ ሞቃቱ የሚኖረውን ልዩነት 40 ዲግሪ እንበል። 1.5 በ0.1፣ በ40 ሲባዛ 6 ሚሊሜትር ይመጣል። እንጨቱ በዚያው ሁኔታ ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ክር የሌለበት ፖሊኢትሊን ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 10 ሚሊሜትር ይጠጋል።

6 ሚሊሜትር በቀጥታ መስመር ላይ ለቀስተኛ ባቡር አያሰጋም። በጠባብ ኩርባ ላይ ግን በመንኮራኩሩ ግፊት፣ በሐዲዱ መበላትና በማሰሪያው መላላት የሚመጣው መከፈት አስቀድሞ አለ፤ ሙቀቱ በእሱ ላይ ይደመራል። መስመርዎ የሚፈቅደው የመከፈት ልክ ውሱን ነውና አንዱን ክፍል ገና ባቡሩ ሳይመጣ ፀሐይ ትወስደዋለች። ኩርባውን ይተዉት ያልሁት ለዚህ ነው። የብረት ዘንግ ያለበት ዓይነት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ብረቱ የፕላስቲኩን መርዘም ይይዛልና።

ሌላም ነገር አለ። ፕላስቲክ ሙቀትን ቀስ ብሎ ነው የሚያስተላልፍ። 18 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ስሊፐር ላዩ በቀትር ፀሐይ ሲግል ታቹ በባላስት ውስጥ ቀዝቅዞ ይቆያል። ላይኛው ይረዝማል፣ ታችኛው እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ስሊፐሩ ወገቡ ወደ ላይ ይቀስታል። ማታ ይመለሳል። በየቀኑ የሚደረገው ይህ ትንሽ መተንፈስ ማሰሪያውን ያላላል፣ ጫፉ ላይ ያለውን ጠጠር ይነካካል። ስሊፐሩን እስከ ላይኛው ጠርዝ በባላስት መሙላት ከፀሐይም ከመንሸራተትም ይጠብቀዋል፤ ርካሽ መከላከያ ነውና አይዝለሉት።

ሙቀት ግትርነቱንም ይነካል። የቴክኒክ መግለጫው ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ23 ዲግሪ የተለካ ነው። ጥቁር ስሊፐር በፀሐይ ላይ 60 ዲግሪ ሲደርስ የፖሊኢትሊን ግትርነት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በቅዝቃዜ በኩል ፖሊኢትሊን ራሱ አያሳስብም፤ እጅግ በረዶ በሆነ አየርም ቢሆን ጥንካሬውን ይይዛል። የሚያሳስበው አብሮት የሚገባው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መሰባበር ይጀምራል። መስመርዎ ውርጭ የሚያይ ከሆነ በድብልቁ ውስጥ ፖሊፕሮፒሊን ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቁ። አቅራቢው መልሱን ካላወቀ ጥሬ ዕቃውን አይቆጣጠርም ማለት ነው።

ከሙቀት ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ባሕርይ በቋሚ ሸክም ቀስ በቀስ መተኛት ነው። ከባድ ካፖርት ለወራት የተሰቀለበት የፕላስቲክ ማንጠልጠያ ትከሻው ይወርድና ካፖርቱ ሲነሣም አይመለስም፤ ስሊፐሩም እንደዚያው ነው። ባቡር ሲያልፍ የሚመጣው ጭነት ቅጽበታዊ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳውም። የሚጎዳው ሌት ተቀን የማይነሣው ነው፦ ጠብቆ የታሰረ ብሎን፣ ተቆልምሞ የያዘ ክሊፕ፣ ለሳምንታት በአንድ ቦታ የቆመ የተጫነ ፉርጎ። ብሎኑ ዛሬ በትክክለኛው ጉልበት ይጠብቃል፤ ከወራት በኋላ ማንም ሳይነካው ላልቶ ይገኛል። ለዚህ ነው «ጥገና አይፈልግም» የሚለውን ቃል የማልቀበለው። በመጀመሪያው ዓመት ማሰሪያውን ሁሉ እንደገና ማጥበቅ በሥራ ዕቅድዎ ውስጥ ይግባ። ፉርጎ የሚቆምበትን መስመርም ከማይቆምበት ለይተው ይዩት።

ስለ ሚስማር ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። ሠራተኞችዎ በእንጨት ላይ የለመዱትን የሐዲድ ሚስማር በቀጥታ በመዶሻ ወደ ፕላስቲኩ ከመቱት የተሰበረ ስሊፐር ያመርታሉ። እንጨት ቃጫው ተገፍቶ ቦታ ይሰጣል። ክር የገባበት ፕላስቲክ ግን የሚሸሽበት ስለሌለው በቀዳዳው ዙሪያ ተወጥሮ ይቀራል፤ ስንጥቁ ያን ዕለት ባይታይ እንኳ ባቡሩ በየቀኑ ያሰፋዋል። አስቀድሞ አምራቹ ባዘዘው ስፋትና ጥልቀት ይሰርሰር። ጠመዝማዛ ብሎን ከሚስማር ይመረጣል። መሰርሰሪያው ሲግል ፕላስቲኩ ቀልጦ የቀዳዳውን ግድግዳ ያለሰልሰዋል፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ፍርፋሪውን እያወጡ መሥራት ያስፈልጋል። የሚወጣው ፍርፋሪ ተሰብስቦ ይወሰድ፤ በባላስቱ ላይ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦዩ ይገባል።

አሁን ብዙ ገዢ የማያደርገውን፣ እኔ ግን ሁልጊዜ የማሳስበውን ልንገርዎ፦ ከደረሰዎት ናሙና አንዱን ከመካከሉ ቆርጠው ፊቱን ይዩት። የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ወፍራም ቅርጽ ሲፈስስ ውጪው ቶሎ ይጠጥራል፤ መካከሉ ገና ትኩስ ነው። መካከሉ በኋላ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ የሚከተለው ነገር ስለሌለም ውስጡ ባዶ ቀዳዳ ይፈጠራል። ጥሩ ፋብሪካ ይህን በግፊትና ሆን ተብሎ በሚጨመር ጥቃቅን አረፋ ይቆጣጠረዋል። በጥሩ ስሊፐር ፊት ላይ ከዳር እስከ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ድፍን ቆዳ፣ ከዚያ ወደ መካከል እኩል የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦች ያያሉ። ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ፣ በቀለም የተለያየ ንብርብር፣ ወይም ያልቀለጠ ባዕድ ቁራጭ ካዩ ያን ዕቃ ይመልሱት።

ባዕዱ ቁራጭ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፖሊኢትሊን ግን ወደ 130 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፣ በፋብሪካ የሚሠራበትም ሙቀት ከ200 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በስሕተት የገባ የፒኢቲ ቁራጭ ሳይቀልጥ እንደ ድንጋይ ይቀበራል፤ ስንጥቅም ከእሱ ጥግ ይጀምራል። ፒቪሲ ደግሞ በዚያ ሙቀት ይፈርስና አሲድ ይተፋል፣ ማሽኑንም ይበላል። በደንብ ያልደረቀ ጥሬ ዕቃ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ያልታሰበ አረፋ ያመጣል። የስሊፐሩ ጥራት የሚወሰነው ቆሻሻው በሚለይበትና በሚታጠብበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ፋብሪካውን የመጎብኘት ዕድል ካገኙ ማቅለጫውን ከማየትዎ በፊት መለያውን ይዩ።

ስለ ጎን መንሸራተት። እንጨት ከጊዜ በኋላ ጠጠሩ በታቹ ይነክሰዋል፣ በዚያም ይቆማል። ለስላሳ ፕላስቲክ ግን በባላስት ላይ ይንሸራተታል። የተበየደ ረጅም ሐዲድ ካለዎት በሙቀት ጊዜ መስመሩ ወደ ጎን እንዳይወጣ የሚይዘው ይህ ንክሻ ነው። ጎኑና ታቹ ጎርበጥባጣ ሆኖ የተሠራውን ብቻ ይግዙ። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 100 ኪሎ ስለሆነ ከእንጨቱ አያንስም፤ ከኮንክሪቱ ግን ከግማሽ በታች ነው።

እሳትን በጥቂቱ። ፖሊኢትሊን ይነዳል፣ እየቀለጠም ይንጠባጠባል። ክሪዮሶት የጠጣ እንጨትም እሳት ይወዳልና በሜዳ ላይ ልዩነቱ ትልቅ አይደለም። ሐዲድ ሲበየድና ሲሞረድ ስሊፐሩ ይሸፈን፤ ውኃ ቀርቦ ይቆይ። በዋሻ ውስጥ ግን ጭሱ ራሱ አደጋ ስለሆነ ይህን ዓይነት አልመክርም።

ወደ መስመርዎ እንመለስ። የመኪና ማቋረጫው ለፕላስቲክ የተፈጠረ ቦታ ነው። ስሊፐሩ በአስፋልትና በሰሌዳ ተሸፍኗል፣ ውኃ ይተኛበታል፣ እንጨት ቶሎ ይበሰብሳል፣ ለመቀየርም መንገድ መዝጋትና ማፍረስ ያስፈልጋል። እዚያ ዋናው ወጪ የስሊፐሩ ዋጋ ሳይሆን የመቆፈሩ ነው። ከፀሐይም የተጋረደ ስለሆነ የሙቀቱ ጣጣ ይቀንሳል። ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍም ማቋረጫው በሐዲዱ ውስጥ በሚያልፍ የምልክት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ እርጥብ እንጨት የሚያመጣው የኤሌክትሪክ መፍሰስ ይቀርልዎታል።

ድልድዩ ሌላ ስሌት ይፈልጋል። እዚያ ባላስት የለም፤ ስሊፐሩ በሁለት የብረት አግዳሚዎች ላይ ተጋድሞ ጭነቱን በመለመጥ ነው የሚሸከመው። 22 ቶን አክስል ማለት በእያንዳንዱ መንኮራኩር 11 ቶን ነው፤ በባቡሩ እንቅስቃሴ የሚጨመረው ሲታከል ከዚያም ይበልጣል። በሐዲዱና በአግዳሚው መካከል ያለው አግድም ርቀት በጨመረ ቁጥር መለመጡ ይጨምራል። ተራው ፖሊኢትሊን እዚህ አይገባም። ብረት የተቀበረበት ወይም እንደ ኤፍኤፍዩ ያለ ግትር ዓይነት፣ ለዚያው ድልድይ ተሰልቶ ይቅረብልዎት። ድልድይ ላይ ፕላስቲክ መጠቀም ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የብሪታንያን የባቡር ሐዲድ የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል በ2021 ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠሩ ስሊፐሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው መስመሩ ላይ ያስገባው በዊልትሸር በሚገኘው ሸሪንግተን ቪያዳክት በተባለው ድልድይ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ነበር በክሪዮሶት የተነከረ አዲስ ለስላሳ እንጨት ስሊፐር መጠቀም ያቆመው።

50 ዓመት ስለሚለው ቃል። ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠሩ ስሊፐሮች በመስመር ላይ መሞከር የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። ስለዚህ 50 ዓመት ያገለገለ አንድም የለም፤ ቁጥሩ የሚመጣው በቤተ ሙከራ ከሚደረግ የተፋጠነ ፍተሻ ነው። የተፋጠነ ፍተሻ ዋጋ አለው፤ ሊሰላ የሚችለው ግን ፕላስቲኩ በፀሐይና በድካም እንዴት እንደሚያረጅ ነው እንጂ በአንድ ሳምንት በደንብ ያልታጠበ ጥሬ ዕቃ ስለገባበት ምርት አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ተሰንጥቀው ያለጊዜያቸው የወጡ እንዳሉ ይታወቃል። ስለዚህ በ50 ዓመት ተስፋ ሳይሆን በጽሑፍ በሚሰጥ ዋስትና ይግዙ፤ ዋስትናውም የተሰበረውን በነጻ ከመስጠት አልፎ የማውጫና የማስገቢያ ወጪን ይሸፍን። ውሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሊፐር የወጣውን ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 12856ን ወይም የአሬማን የኮምፖዚት ስሊፐር ደንብ ይጥቀስ። ከደንቡ በላይ ሦስት ነገር ይጨመርበት፦ ግትርነቱ በ23 ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የእርስዎ መስመር በሚደርስበት ከፍተኛ ሙቀት ይለካ፤ የብሎን መንቀል ኃይል ከብዙ ሚሊዮን የድካም ዑደት በኋላ ይለካ፤ ከእያንዳንዱ የምርት ዙር አንድ ስሊፐር ተቆርጦ ፎቶው ይላክልዎ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በብዙ ገበያ ከተነከረ እንጨት እጥፍ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። እንጨት በጥቂት ዓመታት በሚበሰብስበት እርጥብ ቦታ ልዩነቱ ይመለሳል። እንጨት 30 ዓመት በሚቆይበት ደረቅ ቀጥታ መስመር ላይ ግን በዋጋ ብቻ ልከራከርልዎ አልችልም።

ለአካባቢ ካሰቡ ግን ክርክሩ ይሰፋል። በ60 ሴንቲሜትር ልዩነት ሲደረደር አንድ ኪሎሜትር ከ1,600 በላይ ስሊፐር ይወስዳል፤ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ቢሆን ከ160 ቶን በላይ ነው። አብዛኛው ሊቃጠል ወይም ሊቀበር የነበረ ፕላስቲክ ነው። በሌላ በኩል ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ፣ ካንሰር የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ፈሳሽ ነው፤ የሠራተኛውን ቆዳ ያቃጥላል፣ ያረጀውን ስሊፐር ማስወገድም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ፈቃዱን ሲያድስ ለስሊፐርና ለምሰሶ ብቻ፣ እስከ 2029 ብሎ ገድቦታል። ፕላስቲኩም ንጹሕ አይደለም። ጠጠር ሲፍቀው ደቃቅ ብናኝ ይለቃል፤ ለዚህም ነው የመሰርሰሪያው ፍርፋሪ ይሰብሰብ ያልሁት። ዕድሜው ሲያልቅ እንደገና ተፈጭቶ ስሊፐር ሊሆን ይችላል፤ የመስታወት ክሩ ግን በእያንዳንዱ መፍጨት ያጥራል፣ ብረት ያለበትም መጀመሪያ መለየት አለበት። አምራቹ ያረጀውን መልሶ የሚወስድ መሆኑን በውሉ ያስገቡ።

አካሄዱን እንዲህ ቢያደርጉት እመክራለሁ። ዘንድሮ ማቋረጫውን ሙሉ በሙሉ፣ ከቀጥታውም ባላስቱ ደህና የሆነ አንድ አጭር ክፍል ይቀይሩ። በዚያ አጭር ክፍል ጥቂት ስሊፐሮች ላይ በቀለም ምልክት አድርገው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ርቀት በዓመቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ንጋትና በጣም ሞቃት በሆነ ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ የብሎኖቹን ጥበቃም አብረው ይመዝግቡ። ያን ጊዜ ለኩርባው የሚወስኑት በአቅራቢው ወረቀት ሳይሆን በራስዎ ቁጥር ይሆናል። ከንጋት እስከ ከሰዓት ያለው ልዩነት ከሦስት አራት ሚሊሜትር ካላለፈና ብሎኖቹ ከሁለተኛው ማጥበቅ በኋላ ከቆሙ፣ ብረት ያለበትን ዓይነት በሰፋኛው ኩርባ ላይ መሞከር ይችላሉ። ካለፈ ግን ኩርባዎቹ በጠንካራ እንጨት ይቆዩ፤ ከማቋረጫው የሚያወጧቸውን ገና ደህና የሆኑ እንጨቶችም እዚያው ለመለዋወጫ ያስቀምጧቸው።